ጋሽ ይመርና የአሸዋው ዳገት

ጋሽ ይመር ማረፋቸውን የሰማሁት ዴልፍት ውስጥ፣ የአንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት እግር ላይ ጠባቡን የሕክምና ካልሲ እየጎተትኩ ሳለ ነው። ሥራዬ ቱይስዞርግ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ዝም አልኩት። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። አልተው ሲለኝ አወጣሁት። ልጃቸው ዘሃራ ነበረች። «ታንተ አስቴር» አለችኝ፤ እዚህ ያደጉት ልጆች አክስት ለማለት እንደዚያ ነው የሚሉን። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልወጣትም። መናገርም አላስፈለጋትም።

አሮጊቷ አንድ እግራቸው ካልሲ ለብሶ አንዱ እንደተራቆተ ፊቴን አዩኝና «አባትሽ ናቸው?» አሉኝ።

«አይደሉም።»

«ታዲያ ምንሽ ናቸው?»

ጎረቤቴ ልል አሰብኩና አነሰብኝ። ዘመዴ እንዳልል የሥጋ ዝምድና የለንም። «ተራራ የሚያወጡን ሰው ነበሩ» አልኳቸው በመጨረሻ። ሴትዮዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ዴልፍት እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሜዳ ነው። የቱ ተራራ ነው ብለው አልጠየቁኝም። እጄን ብቻ ያዝ አደረጉኝ።

ከጋሽ ይመር ጋር የተዋወቅነው ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ደረጃ ስንጋራ ነው። እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች። ያኔ በሕመም ፈቃድ ከሥራ ቀርቼ ነበር። ሐኪሙ ድካም ነው አለኝ። ድካም ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም፤ መጋረጃዬን መክፈት እንኳ ሸክም ሆኖብኝ ነበር። አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ብከፍት፣ ጆሮ የሚሸፍን ቆብ ያደረጉ፣ ከወደቀ የጥድ ቅርንጫፍ ራሳቸው ያበጁትን ዘንግ የያዙ ቀጭን ሽማግሌ ቆመዋል።

«እታለም» አሉኝ። ወሎዬ ናቸው፤ ለሳቸው ሴት ሁሉ እታለም፣ ወንድ ሁሉ ወንድምአለም ነው። «የዚህ ሕንፃ ግድግዳ ሻገተ ብለን ለአከራዮቹ አመልክተናል። አንቺ ስትሻግቺ ለማን ነው የምናመለክት?»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከሳቅሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

«ቅዳሜ ጠዋት ተራራ እንወጣለን። ወፍራም ካልሲ አርጊ» ብለውኝ ወረዱ። እሺታዬን አልጠበቁም።

ተራራ ያሉት ዱይን ነው፤ ነፋስ ከባሕር እያመጣ የከመረው የአሸዋ ኮረብታ። ከዴን ሃግ ወጣ ብሎ ሜይንደል የሚባል ቦታ አለ። መጀመሪያ ጫካ ነው፤ ጥድና ዋርካ የሚያህል ግንድ ያለው ዛፍ የተቀላቀለበት። ከዚያ ጫካው እየሳሳ ይሄድና ብርቱካናማ ፍሬ ያንጠለጠለ እሾሃማ ቁጥቋጦ ይተካዋል። ከዚያ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ በእንጨት የተሠራ ረጅም ደረጃ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ ሰማይና የሰሜን ባሕር። ጋሽ ይመር በየወሩ አንድ ቅዳሜ እዚያ የሚወስዱት ቡድን ነበራቸው። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ፣ ከመስጊድ የመጣ፣ ከየትም ያልመጣ፣ ተማሪ፣ ሆቴል አጽጂ፣ ሾፌር፣ ብቻ አማርኛ ከሰማ ይበቃል። ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ የተገኘ ሄደ፣ ያልተገኘ ቀረ።

የመጀመሪያው ቀን ደረጃው መሐል ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ተናደድኩና «ጋሽ ይመር፣ ይሄ እኮ ተራራ አይደለም!» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉኝ ሳይከፋቸው። «እኔ አምባሰል ሥር ነው ያደግሁት፤ ተራራ ምን እንደሆነ አላጣሁትም። ግን እግርሽ አገር አያውቅም። ዳገት ነው ብለሽ ንገሪው፣ ያምንሻል።»

እግሬ አመነኝ። በሚቀጥለው ወር ማንም ሳያንኳኳብኝ ወረድኩ።

መልአክ ነበሩ ልል አይደለም። ግትር ናቸው። ስልክ የሚነካካ ሰው ሲያዩ ይቆጣሉ። የመንገድ ምልክት አያምኑም፤ ሦስት ቀለም ያላቸው አጫጭር እንጨቶች በየመታጠፊያው ተተክለው ሳለ «እሱ ለደቾች ነው» ይሉና በሌላ በኩል ያስኬዱናል። ዋሾም ነበሩ። «ጋሽ ይመር፣ ስንት ቀረን?» ሲባሉ መልሳቸው ሁልጊዜ «ቀርባለች» ነው። ተነስተን አውቶቡሱ እንኳ ከዓይናችን ሳይሰወር «ቀርባለች» ይላሉ። ዝናብ እየደበደበን፣ ጭቃ እየዋጠን፣ «ቀርባለች»። አንድ የዴልፍት ተማሪ አንድ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ካርታ ሊያሳያቸው ሲል ዘንጋቸውን አነሱ፤ ልጁ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ደግሞ በዳገት ላይ ሰው ዝም ካለ አይወዱም። «ወሬ አምጡ፣ ዳገት የሚያልቅ በወሬ ነው» ይላሉ። እኛም እናወራለን፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጆቻችን፣ ስለ አለቆቻችን። ሳናውቀው ጫፍ እንደርሳለን።

ጫፍ ላይ ምርቃት አለ። የወሎ ምርቃት። እጃቸውን ዘርግተው፣ ነፋሱ ቆባቸውን ሊነጥቃቸው እየታገለ፣

«በሄድንበት እንመለስ፣ በተመኘነው እንድረስ!
የራቀው ይቅረበን፣ የቀረበው አይክፋን!
ታሞ ያለን ይማርልን፣ ጠፍቶ ያለን ይምጣልን!»

ግማሻችን «አሚን»፣ ግማሻችን «አሜን» እንላለን። ከዚያ ከሻንጣቸው ዳቦና በፔርሙዝ የያዙትን የዝንጅብል ሻይ ያወጣሉ። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ ነበር የሠሩት። በስተ ደቡብ ወደ ወደቡ ለመግባት ተራ የሚጠብቁት መርከቦች በጭጋጉ ውስጥ እንደ ቤት ሲታዩ፣ «ያቺን አያችሁ? ሙዝ ናት» ይላሉ። ሙዝ ትሁን መኪና ማን ያውቃል። እኛ ግን እንስማማለን።

ከዚህ ሁሉ ቅዳሜ አንዱ ከልቤ አይወጣም።

አምስተርዳም ሆቴል የምታጸዳ ፀሐይ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። አልጋ ስታነጥፍ ውላ ወገቧን ያማታል፣ ዝም ትላለች፣ ቤተ ክርስቲያንም እየቀረች ነበር። «ጫካ ውስጥ በእግር እንሄዳለን፣ ነይ» ብዬ ለመንኳት። በባቡር መጣች። ጫካው ውስጥ ሌላ ሰው ሆነች። የጥድ ፍሬ ትለቅማለች፣ ከጋሽ ይመር ጋር ትቀላለዳለች፣ «ስንት ቀረን?» ትላቸዋለች፣ «ቀርባለች» ይሏታል፣ ትስቃለች። ከዚያ ደረጃውን ወጣን። እሷ ከፊት ነበረች።

ጫፍ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ከዚያ ዞረችና፣ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ፣ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ሌላ ሆኗል።

«ጫካ ነው አላልሽኝም?» አለችኝ። «አስቴር፣ ጫካ ነው አላልሽኝም?»

ያኔ ነው የገባኝ። ታናሽ ወንድሟ ከሊቢያ በጀልባ ተነስቶ አልደረሰም። እንደጠፋ ነግራኝ ነበር፤ ባሕሩን ግን ከሷ ጋር አገናኝቼ አላሰብኩትም። ባሕሩ ሌላ ነው፣ ያኛው ሩቅ ነው፣ የሚል ነገር አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት።

ለጋሽ ይመር የወንድሟን ነገር በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ ሌሎቹን ወደ ባሕሩ ዳር እንዲወርዱ በእጃቸው አመለከቱ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከጎኗ ተቀመጡ። እሳቸውም ጀርባቸውን ለባሕሩ፣ ፊታቸውን ለጫካው። እኔ መሄድም መቅረብም አቅቶኝ ቆሜያለሁ።

«ስሙ ማን ነበር?» አሏት።

«ኤርሚያስ።»

«ምን ይወድ ነበር?»

ጥያቄው አስደነገጣት መሰለኝ። «መተኛት» አለች። «እንቅልፋም ነበር። ውሃ ካልደፋንበት አይነሳም።» ይህን ስትል ሳቀች፣ ሳቋ እዚያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ።

«ለቅሶውን የት ተቀመጥሽ፣ እታለም?»

«የትም። አስከሬን የለ፣ መርዶ የለ። እናቴ አሁንም በር በሩን ታያለች። እኔስ እዚህ ለማን ብዬ ልቀመጥ? ማን ሊመጣልኝ? በማግስቱ ሥራ ገባሁ።»

ጋሽ ይመር ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወደ ባሕሩ ዳር አፋቸውን በእጃቸው ከበው ተጣሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ነፋሱም በርትቷል፣ ግን ሰዎቹ ሰሙ። እየሮጡ ተመለሱ፤ አንድ ነገር የሆነ መስሏቸው ነበር።

«ተቀመጡ» አሏቸው። «እኅታችን ወንድሟ ሞቶባታል። ለቅሶ ደርሰናል።»

ማንም መቼ፣ እንዴት ብሎ አልጠየቀም። በአሸዋው ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሾፌሩ ከፀሐይ ጎን ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አንዷ እናት ነጠላ ስላልያዙ የአንገት ልብሳቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው «ወይኔ ልጄ! ወይኔ ኤርሚያስ!» ብለው ጀመሩ፤ አይተውት የማያውቁትን ልጅ በስሙ እየጠሩ። ፀሐይ ያኔ ተለቀቀች። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም፤ ስንት ጊዜ የታቆረ ነው። ክርስቲያኖቹ «ነፍስ ይማር» አልን። ጋሽ ይመርና ሌሎቹ እስላሞች እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ዳቦው ተቆረሰ። ሻይዋ ለሁሉም አትበቃም ነበር፤ በፔርሙዙ ክዳን እየተቀባበልን ጠጣን።

ውሻቸውን ይዘው የሚያልፉ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት ደንግጠው ቆሙ። ሰውየው እርዳታ ያስፈልጋችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ይመር ይህን ሁሉ ዓመት ኖረው ደችኛቸው አልተቃናም። በእጃቸው ክቡን አሳዩትና «ፋሚሊ» አሉት። «ፋሚሊ ነን።» ሰውየው ቆቡን አወለቀ። ውሻቸውን ሳብ አድርገው በቀስታ አለፉ።

ፀሐይ ያን ቀን ባሕሩን ዳግም ሳታይ ነው የወረደችው። ማንም እዪው አላላትም። በሚቀጥለው ወር ግን ከአምስተርዳም በመጣው ባቡር ውስጥ ነበረች። ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም።

ጋሽ ይመር ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ቆይቶ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ይተኙና ደማቸው በማሽን ይታጠባል። ተራራ የሚወጡት በእጥበቱ ቀናት መሐል ነው። እኛ ሁላችን እናውቃለን፣ እሳቸው ግን እንድናዝንላቸው አይፈቅዱም። መርፌው የሚገባበት የግራ ክንዳቸው ደም ሥር አብጦ እንደ ገመድ ተጠማዟል፤ ጆሮ ወይም ጣት ሲያስጠጉበት ዝዝዝ ይላል። አዲስ ሰው ሲመጣ እጁን ይዘው ክንዳቸው ላይ ያኖሩና «ቀፎ ተሸክሜ ነው የምዞር፣ ንቧን ስማት» ይሉታል።

አንድ ቀን ብቻ ነው ሲከፋቸው ያየሁት። ታላቅ እኅታቸው አገር ቤት አርፈው መርዶ ደርሷቸው ነበር። ጫፍ ላይ ቆመን «መሄድ አልነበረብዎትም ወይ?» አልኳቸው ሳላስብ።

«በምን ልሂድ? የታሰረ በቅሎ ገመዱ እስከደረሰበት ነው የሚግጥ። የኔ ገመድ እዚህ ድረስ ናት» አሉኝ፣ በዘንጋቸው አሸዋውን መታ አድርገው። «አላህ ይመስገን፣ እዚህ ድረስ ታደርሰኛለች።»

ዘሃራ ገመዱን ልትፈታው ፈልጋ ነበር። ሮተርዳም መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ጎበዝ፣ ቀጥተኛ ልጅ ናት፤ አባቷን አንተ ነው የምትል፣ ሲናደዱባት በደችኛ አባዬ እንደማለት «ፓፕ፣ ዝም በል» የምትል። አንድ ኩላሊቷን ልትሰጣቸው ወሰነች። ተመረመረች፣ ተስማማ። አባቷ እምቢ አሉ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ታንተ አስቴር፣ አንቺን ይሰማሻል። ንገሪው። እኔ ስለምን እምቢ እንደሚለኝ አልገባኝም። የኔ አካል ነው፣ የኔ ውሳኔ ነው።»

በቅዳሜው ሌሎቹ እንዲያልፉ ወደ ኋላ ቀረት አልኩና ጥዶቹ መሐል ነገሩን አነሳሁላቸው። ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያረጁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

«እናቷ ካርቱም ላይ ስትሞትብኝ ዘሃራ ጡት አልጣለችም ነበር። በጀርባዬ አዝዬ ነው እዚህ ያደረስኳት። ስንደርስ ገላዋን አጠብኳትና ጣቶቿን አንድ በአንድ አየሁ፤ አንድም አልጎደለ። እታለም፣ እንደዚያ ያመጣኋትን ልጅ እኔው ላጉድላት?»

«ልትሰጥዎት የፈለገችው እሷ ናት፤ እርስዎ አልወሰዱባትም» አልኳቸው። «ልስጥ ያለን ሰው መከልከልም እኮ ማጉደል ነው፣ ጋሽ ይመር።»

ጫካውን ሙሉ ያለ ወሬ ሄድን፤ ያን ያህል ዝም ብለው አያውቁም። ደረጃው ሥር ስንደርስ፣ «እውነትሽን ነው» አሉኝ። «እውነትሽን ነው፤ ግን አልችልም።»

ይህንኑ ለዘሃራ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ ከዚያ ብዙ ሳምንት ሳትጠይቃቸው ቆየች። ኋላ ታረቁ። የኩላሊቱ ነገር ግን ዳግም አልተነሳም። ሌላ ኩላሊት እንዲጠብቁ ተራ ተይዞላቸው ነበር፤ ተራው ሳይደርሳቸው ልባቸው ደከመ። የመጨረሻውን ክረምት ሁለት ቅዳሜ ብቻ መጡ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ለእጥበት ሊወስዳቸው የመጣው ታክሲ ቢጠራቸው አልወረዱም።

የተቀበሩት እዚሁ ዴን ሃግ፣ በሙስሊሞቹ መቃብር ነው። መሬቱ አሸዋ ነው፣ ቶሎ ይቆፈራል። ፀሐይ ከአምስተርዳም ሥራዋን ትታ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ራሷን ተከናንባ ቆመች። እኔ ዘሃራን ደግፌያት ነበር። አላለቀሰችም። ወንዶቹ አፈር ሲመልሱ ትክ ብላ ታያለች። «ለእናንተ ቅዳሜውን ሁሉ ሰጠ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ከእኔ ግን አንዲት ነገር መቀበል እምቢ አለ።» ጥብቅ አድርጌ ያዝኳት።

ከዚያ በኋላ እኛም ተበተንን። አንዱ ይደውልና እንሂድ ይላል፣ ሌላው ሥራ አለብኝ ይላል፣ ይቀራል። ቅዳሜ ጠዋት ከላይ የእግር ኮቴ እሰማ ይመስለኛል፤ ቤታቸው ውስጥ የገባው ሌላ ሰው ነው። አሮጊቶቼን አጥቤ፣ አልብሼ፣ በትራም ስመለስ፣ ሜዳውን አያለሁ። ሰው አገሩን ሲናፍቅ ሰምቻለሁ። እኔ የምናፍቀው አንድ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌን ነው፤ በዝናብ ውስጥ የሚዋሹኝን።

በመጋቢት አንድ እሑድ ዘሃራ በሬን አንኳኳች። ወፍራም ካልሲ አድርጋለች።

«የምትሄዱበትን ቦታ አሳዪኝ» አለችኝ። «አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። ሽማግሌዎች አሸዋ ላይ የሚንከራተቱበት ነበር የሚመስለኝ።»

በአውቶቡስ ሄድን፤ በጫካው አለፍን። ብዙ አላወራችም። ዛፎቹን እየዳሰሰች ነው የሄደችው። ደረጃውን ሳታርፍ ወጣችው፤ ወጣት ናት። ጫፍ ላይ ስደርስባት ፀጉሯን ነፋሱ እየበተነው ባሕሩን ታያለች። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። መርከቦቹ ተሰልፈዋል።

«አገራችን በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

ከኋላችን፣ ከጫካው ማዶ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አሳየኋት።

«እዚህ ሲቆም ወደዚያ ነበር የሚያየው? ወደ ወሎ? ወይስ ባሕሩን?»

አዎ፣ ወደ ወሎ ነበር፣ ልላት ፈለግሁ። ደስ የሚላት ያ መሰለኝ። ግን ያየሁትን ማስታወስ ነበረብኝና ዓይኔን ጨፈንኩ። ጋሽ ይመር እዚህ ቆመው፣ ዘንጋቸውን ሁለት እጃቸው ላይ ደግፈው፣ ባሕሩ ከጀርባቸው።

«ባሕሩንም ወሎንም አልነበረም» አልኳት። «ደረጃውን ነው የሚያዩት። ሰው ወጥቶ እስኪያልቅ ደረጃውን ያያሉ። ሁሉም ካልደረሰ ምርቃት አይጀምሩም።»

ዘሃራ ባሕሩን ትታ ዞረች። አባቷ የቆሙበት ቦታ ይሄ ነው ብዬ አላሳየኋትም፤ እሷው መጥታ ቆመችበት። ደረጃው ታች ድረስ ባዶ ነበር፣ አሸዋ ብቻ እየተንሸራተተበት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ሲበርደኝ እንውረድ ወይ አልኳት።

«ቆይ» አለችኝ ዓይኗን ሳታነሳ። «ትንሽ እንጠብቀው።»

ከጎኗ ቆሜ ጠበቅሁ።